አባቴና የማይደክሙት መኪኖች

መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለአፍታ የሚያቆየው ዩፒኤስ በየመሃሉ ጢጥ እያለ ቶሎ ዝጉኝ የሚልበት ድምፅ ዛሬም በምሠራበት ቢሮ ውስጥ ድንገት ሲነሳ፣ ባልደረቦቼ የጀመሩትን ለማስቀመጥ ይሯሯጣሉ፤ እኔ ግን እጄን ኪቦርዱ ላይ እንደጣልኩ ለጥቂት ጊዜ ነቀምቴ ደርሼ እመለሳለሁ። ሳሎናችን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ከቴሌቪዥኑ ጎን የተቀመጠው ግዙፍ ኮምፒውተር ይታየኛል፤ አጠገቡም አባቴ ቅንድቡ በዱቄት ነጥቶ፣ መኪኖቹ ሳይጠፉ ቶሎ አስቀምጪ እያለ ሲያጣድፈኝ ይታየኛል።

ኮምፒውተሩ የእኛ አልነበረም። ከጎጃም ተመድበው የመጡ አንድ መምህር ግቢያችን ውስጥ ተከራይተው ይኖሩ ነበርና፣ ዝውውር ሲደርሳቸው ይህን የሚያህል ዕቃ አውቶቡስ ላይ ጭኜ አልንከራተትም፣ መጥቼ እስክወስደው ልጅቷ ትማርበት ብለው ትተውልን ሄዱ። አልመጡም። ተማርኩበት ብል ውሸት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያገኘሁት ቁም ነገር አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ባዶ አረንጓዴ አገር ይሰጡሃል፤ መንገድ ትዘረጋለህ፣ መጋዘን ትሠራለህ፣ ከባድ መኪና ትገዛለህ፣ ከዚያ ከእርሻው ስንዴውን ወደ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካው ዱቄቱን ወደ ከተማ ታመላልሳለህ። ዕቃ ሳይነሳ ሲቆይ መጋዘኑ አናት ላይ ቀይ ምልክት ይበራል። ያ መስከረም ዝናቡ አልወጣም ብሎ ሲያላዝን፣ እኔ ከትምህርት ቤት ገብቼ ጭቃዬን እንኳ ሳላራግፍ እዚያ ቀይ ምልክት ፊት እደቀን ነበር።

አባቴ ወደ ጨዋታው የገባው ጥቅምት ላይ ነው። መጀመሪያ ከኋላዬ ቆሞ ሻዩን እያማሰለ ያይ ነበር፤ ቀጥሎ ወንበር ሳበ፤ ኋላማ ወንበሩን የሚያስለቅቀው ጠፋ። እሱ እንግሊዝኛው አይሆንለትምና እኔ እያነበብኩለት፣ እሱ እየወሰነ፣ ማውሱን ደግሞ እኔ እየነዳሁ አንድ ድርጅት አቋቋምን። የከተሞቹን ስም ቀይረን ትልቁን ነቀምቴ፣ አንዱን ሲሬ፣ አንዱን ዲጋ፣ ከሁሉም ራቅ ብላ ተራራ ሥር የተቀመጠችውን ኪራሙ አልናት። ጎማ የማይፈነዳበት፣ ኬላ የሌለበት፣ ጭቃው የማይውጥበት አገር ማየት ለአባቴ ተአምር ነበር፤ ደጋግሞም ይሄ ሹፌር የት ነው የሚበላው፣ መቼ ነው የሚተኛው እያለ ይጠይቀኝ ነበር።

የሚጠይቀው ወዶ አልነበረም። እኔ አንደኛ ክፍል እስክገባ ድረስ አባቴ አይሱዙ ነጂ ነበር፤ ከኪራሙ ከወሎ ሰፋሪዎች በቆሎ ጭኖ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ሲመላለስ፣ እኔ የማውቀው አባት የተኛ አባት ነበር። ቤት ሲገባ እንዳልቀሰቅሰው በጣቶቼ ጫፍ እሄድ ነበር፤ ልብሱ የናፍጣ ሽታ ነበረው። በመጨረሻ መኪናውን ሸጦ፣ የልጄን ወግ ልይ ብሎ፣ ከቤታችን በር አጠገብ በናፍጣ የሚሠራ የእህል ወፍጮ ተከለ። እማዬ «እኔ እኮ ገና አሁን ነው ያገባሁት» እያለች ታሾፍበት ነበር። እኔም ቁርስ ላይ አባት ያለው ልጅ ሆንኩ፤ ከዚያ የሚበልጥ ነገር አልፈልግም ነበር።

ጥር ገብቶ አዲሱ እህል ሲወርድ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ወፍጮ ተከፈተ፤ በመብራት የሚሠራ፣ ጭስ የሌለው፣ ጤፉን በአፍታ የሚያወርድ። ባለቤቱ ኦቦ ታደሰ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ ወደ አባቴ ዞረው «አካም ቡልተን» ይላሉ፣ አባቴም በዚያው በኦሮምኛ ደህና አደሩ ይላቸዋል፣ ከዚያ እያንዳንዳቸው ገበያቸውን ይጠብቃሉ። የእኛ ወፍጮ ሽማግሌ ነውና ሰው ብዙ ይጠብቃል። ወፍጮው ከተዘጋ አባቴ ወደ መሪው እንደሚመለስ ማንም ቁጭ አድርጎ ባይነግረኝም አውቀው ነበር፤ እማዬ በሹፌርነቱ ዘመን መንገድ ላይ ይለብሰው ስለነበረው አሮጌ ብርድ ልብስ ማንሳት ጀምራ ነበርና።

ሁዳዴ ሲገባ አባቴ መላ አገኘ። አንድ ቀን ጨዋታውን ስንጫወት የዲጋ መጋዘን ቀይ ሲበራ አየና ወደ እኔ ዞሮ፣

«ሰናይት፣ የእኛ ቤት ቀዩ የሚበራው አግዳሚው ላይ ነው» አለኝ።

አግዳሚው ወፍጮ ቤታችን ውስጥ ከግድግዳው ጋር የተዘረጋ ረጅም የእንጨት መቀመጫ ነበር፤ እህል ያመጡ ሴቶች ተራቸው እስኪደርስ እዚያ ይቀመጡ ነበር። አባቴ ያሰበው ይህን ነው፤ ማልዶ ጤፉንም በቆሎውንም በየዓይነቱ ፈጭቶ በጆንያ ያዘጋጃል፣ ሴትየዋ እህሏን አምጥታ ታስመዝናለች፣ በዚያው ልክ ዱቄት ተሸክማ ወዲያው ትሄዳለች። መጠበቅ የለ፣ ተራ የለ። እማዬ ነገሩ አልጣማትም፤ ሰው እኮ ከእህሉ ጋር ነው አብሮ የሚመጣው አለች፣ ግን ደክሟት ስለነበር ደጋግማ አልተከራከረችም። ጆንያዎቹ ቦታ ስላጡ አግዳሚው ወደ ውጭ ወጣ። ኦቦ ታደሰ ከማዶ አይተው፣ የማትፈልጉት ከሆነ እኔ ልውሰደው አሉ። ጎረቤት የወጣ ዕቃ ጠይቆ እምቢ አይባልምና አባቴ አንዱን ጫፍ ራሱ ይዞ፣ መንገዱን አሻግሮ፣ ወፍጮ ቤታቸው ድረስ አደረሰላቸው።

የመጀመሪያው ሰሞን ደስ ይል ነበር። ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይሄዳሉ፤ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እንደ ጨዋታው መኪኖች ሲፈሱ እያየ ፈገግ ይላል። ቆይቶ ግን ጉምጉምታ መጣ። አንዷ እኔ ያመጣሁት ነጭ ጤፍ ነው፣ ይሄ የማን ሰርገኛ ነው ትላለች፤ ሌላዋ እህሌን ጠጠር ስለቅም የከረምኩት ለሰው ልጅ ነው እንዴ ትላለች። ቀስ በቀስ የሚመጣው ሰው ሳሳ። ከማዶ ግን፣ የምትጾመውም የማትጾመውም ተደርድራ፣ በእኛ አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ጀመር።

አዴ ጫልቱ የቅርብ ጎረቤታችን ናቸው፤ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ፣ ቤታቸው በልጅ የተሞላ፣ ለእኔም «ኢንታላ ኮ» ብለው ልጃቸው የሚያደርጉኝ ሴት። አንድ ቀን እህላቸውን ተሸክመው በራችን ፊት ሲያልፉ አባቴ አላስቻለውም፤ ምን በድዬ ነው፣ እኔ እኮ እንዳይጠብቁ ብዬ ነው አላቸው። እሳቸውም ጆንያውን ሳያወርዱ ቆመው፣

«አባ ሰናይት፣ ቤቴ ስገባ ሥራ ነው፣ ገበያ ስወጣ ሥራ ነው። ወፍጮ ቤት ካልተቀመጥኩ የት ልቀመጥ?» አሉት።

ከዚያም «ማል ጎና»፣ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው፣ አሉና መንገዱን ተሻገሩ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ጆንያዎቹን አነሳ፣ የሰውን እህል እንደ ድሮው ለየብቻ መፍጨት ጀመረ። አግዳሚውን ግን እንዴት ብሎ ይመልሰው? በእጁ ተሸክሞ የሰጠውን ነገር መልሱልኝ ከማለት ሞት ይሻለዋል፤ ኦቦ ታደሰም ሰውየው ቢጠይቀኝ እሰጠዋለሁ ብለው ለእማዬ ተናግረው ነበር፣ ካልጠየቃቸው ግን እንዴት ብለው ስጦታ ይመልሳሉ። አባቴ ከሳንቃ አዲስ አግዳሚ አሠራ። ሴቶቹ ደግሞ ከዚያኛው ተነስተው ወደዚህኛው ለመሻገር ኦቦ ታደሰን አፈሩ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ቤት እንደዘጋ ማን ቆጥሮት። አዲሱ አግዳሚ ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቀመጠው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያኔ ነው የምር የፈራሁት።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ የሌላ ሰው አይሱዙ ላይ ወጣ። እማዬ ብርድ ልብሱን አጥባ ሰጠችው። እኔ አለቀስኩ፤ እሱም ቶሎ እመለሳለሁ ብሎኝ ሄደ፣ የሹፌር ቶሎ ግን የታወቀ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጨዋታውን ብቻዬን እከፍተው ነበር፤ ከሲሬ ወደ ነቀምቴ፣ ከኪራሙ ወደ ነቀምቴ መኪኖቹ ያለ አንዳች ችግር ይመላለሳሉ፣ እኔ አያቸዋለሁ፣ ደስ ግን አይሉኝም ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይመስለኛል፣ አባቴ ከኪራሙ መንገድ ላይ ጭቃ ይዞት ቆይቶ እስከ ጉልበቱ ቀልቶ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ መጥቶ አጠገቤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ለተወሰነ ጊዜ መኪኖቹን አየ።

«እስቲ አንዱን አቁሚልኝ» አለኝ።

«የቱን?»

«የፈለግሽውን። ሹፌሩ ቤቱ ይግባ።»

አባዬ፣ ውስጡ ሹፌር የለም እኮ፣ ሥዕል ነው አልኩት። አውቃለሁ አለኝ። እኔም የኪራሙን መኪና መርጬ ወደ ጋራዥ አስገባሁና አቆምኩት። ወዲያው መጋዘኑ ላይ ቀዩ በራ፣ ዕቃው ይከመር ጀመር። ዞር ስል አባቴ ወንበሩ ላይ እንዳለ ተኝቷል፤ ኮምፒውተሩን ዘግቼ እንዳልቀሰቅሰው በጣቶቼ ጫፍ ወጣሁ።

ወፍጮው በቀጣዩ ዓመት ተሸጠ። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ነዳ፤ እኔ አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ወጥቼ፣ እሱ አሁንም ይነዳ ነበር። ያቆመው የኪራሙ አቅጣጫ ሰላም ካጣ ወዲህ ነው፤ የመኪናው ባለቤት ፈርቶ መኪናውን ሸጠ፣ አባቴም ቁልፉን አስረክቦ ቤቱ ገባ።

አሁን ሞጆ አካባቢ ባለ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ መኪኖችን የማሰማራው እኔ ነኝ። ስክሪኔ ላይ እያንዳንዱ መኪና አንዲት ነጥብ ነው፤ ነጥቧ ከቆመች ደውዬ ለምን ቆምክ እላለሁ፣ ሹፌሩ እንቅልፍ አሸንፎኝ ነው ይለኛል፣ እኔም ተኛ ማለት እየፈለግኩ ደንበኛው እየጠበቀ ነው እለዋለሁ። ስወጣ ዓይኔ ይቃጠላል፤ እንደ ልጅነቴ ጨዋታ ዝግት አድርጌ የምነሳው ነገር አይደለም። በዓል ሲመጣ ጭነት ይበዛል፣ ስለዚህ በዓልን እዚሁ ማሳለፍ ለምጃለሁ።

በልጅነቴ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ አባቴ ቤት እንዲውል። ይኸው አሁን ይውላል፤ ጠዋት ቁርሱን ይበላል፣ ከእማዬ ጋር ይጨቃጨቃል፣ ደጅ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ የሌለሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ደውሎ ለፋሲካ ትመጫለሽ ወይ አለኝ። መኪኖቹ ካልገቡ አልችልም አባዬ አልኩት፤ ይቆጣል፣ ወይም ይለምነኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን «እሺ ልጄ፣ መንገድ ነው፣ ይገባኛል» አለኝ።

ባይገባው ይሻለኝ ነበር።