የድንኳኑ ቋሚ የመረጣት መኪና

ዛሬ ላፍቶ አንድ ሰውዬ ያረጀች ስቴሽን ዋገን ሊገዛ ኮፈኗን ከፍቶ ሞተሯን ሲያዳምጥ አይቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

አባቴ የነፋስ ስልክ ሰፈራችን እድር ዳኛ ነበር። በሰማንያዎቹ መጨረሻ እድሩ ድንኳንና ድስት የምታመላልስ ርካሽ መኪና እንዲገዛ ላከው። እስከዚያ ድንኳኑ በጋሪ ስለሚመጣ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ሰው መኪና ሊያይ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። አባቴ የድንኳኑን ረጅም ቋሚ ተሸክሞ ሄደ።

ደላላው ባሳየው አሮጌ ስቴሽን ዋገን ውስጥ ቋሚው ከኋላ ገብቶ ከሹፌሩ ትከሻ አጠገብ ደረሰ። የኋላው በርም ተዘጋ። አባቴ «ትሆነናለች» አለ።

ደላላው ግራ ገባው። «ጋሼ፣ ሞተሩን አያዩትም እንዴ?»

«ሞተር ቢቆም ይገፋል። ቋሚው አልገባም ቢል ምን ላደርገው ነው?»

ተገዛች። በየለቅሶው መንገድ ላይ ትቆማለች፣ በየለቅሶው እንገፋለን። እድርተኛው በዚህ ምርጫው አባቴን ሲያማው ኖረ።

አባቴ የሞተ ቀንም መኪናዋ ድንኳኑን እንደጫነች ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች። ሲያሙት የነበሩት ሁሉ ተሰብስበው ገፉ።

ድንኳኑ ከዝናቡ ቀድሞ ደረሰ።

የእናንተስ እድር ድንኳኑን በምን ነበር የሚያመላልሰው? ገፍታችሁ የምታውቁ ጻፉልኝ።