ከባትሪ ቤት የመጣ ጉርሻ

ባለቤቴ መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ የመኪና ባትሪ ይጠግናል። በሥራው የሚፈራው አሲዱን ብቻ ነበር፤ ያቃጥላል፣ ቱታ ይበሳል። ከአሮጌ ባትሪ ሆድ የሚወጣውን እርሳስ ግን «ምን ያደርገኛል» ብሎ በባዶ እጁ ይፈለቅቀዋል፣ በጣሳ ያቀልጠዋል። ባለ ባትሪውም ቀለም ቀቢውም የሚያምንበት መድኃኒት አለ፤ ወተት። ማታ አንድ ብርጭቆ ጭልጥ ካደረገ፣ የዋለበት ጭስና አቧራ ተጠርጎ የወጣለት ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ወተት የጠፋ ቀን ሰፈሩን አስሼ አመጣለሁ።

የሦስት ዓመት ልጃችን የአባቷ ናት፤ እኔ ሳጎርሳት አትቀበልም። እሱ በቱታው እንዳለ ይቀመጣል፣ እጁ ላይ ውሃ ጠብ ይደረግለታል፣ «ቢስሚላህ» ብሎ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ ይሰጣል። አፏን ከፍታ ነው የምትጠብቀው።

ከዚያ ሆዷን ያማት ጀመር። ፊቷ ገረጣ። የወስፋት መድኃኒት ብንሰጣትም አልተሻላትም። የምታውቀው ቃል ሲጠፋባት ግን ፈራሁ፤ «ውሃ» ማለት ትታ በጣቷ ትጠቁም ጀመር። ይዘናት ደሴ ሄድን።

ሐኪሟ ልጅቷን አይታ ስታበቃ ባሌን ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ተናደድኩ፤ ልጅ ታማ የአባቷን ሥራ መጠየቅ ምን ይሉታል? የልጅቷን ደም ወደ አዲስ አበባ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ጠራችን።

«እርሳስ ነው። ደሟ ውስጥ ብዙ አለ።»

ክው አልኩ። «ልጄ እኮ ባትሪ ቤቱን ረግጣው አታውቅም!» ብዬ ጮኽኩባት።

«አባቷ ይዘውላት ይመጣሉ፤ በእጃቸው፣ በጥፍራቸው፣ በቱታቸው።»

«ኧረ በአላህ! ወተት እጠጣለሁ እኮ፣ ዶክተር» አለ ባሌ።

«ወተት እርሳስ አያወጣም። እዚያው ሥራ ቦታ በሳሙና ይታጠቡ። ቱታውን እዚያው አውልቀው ይምጡ፤ ከቤት ልብስ ጋር አይታጠብ። ምግብም እዚያ አይብሉ። የእርስዎም ደም ይመርመር።»

«የጠፋባት ቃል ይመለሳል?» አልኳት።

«ከእርሳሱ ካራቅናት ይሻላታል ብለን እንጠብቃለን። ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

መንገዱን ሙሉ የባሌን እጅ አየሁ። ከጠላት የመጣ ቢሆን እጠነቀቅ ነበር፤ ልጄን ከሚወዳት ሰው ጉርሻ አድናታለሁ ብዬ እንዴት አስባለሁ?

ከተመለስን በኋላ ሥራ በገባበት ቀን ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ መጣ። ገበታው ቀረበ። ልጅቷ እንደ ልማዷ አፏን ከፈተች። እሱ እጁን አገላብጦ አየው፣ ከዚያ ከጀርባው ደበቀው።

«እናትሽ ታጉርስሽ» አለ።

ጠቅልዬ ዘረጋሁላት። አፏን ገጥማ የአባቷን እጅ ፍለጋ ከጀርባው ዞረች።