ማስረጃ የሆነው ቃሪያዬ

መካነ ሰላም አስተማሪ ሳለሁ፣ በዚያ በክፉው የድርቅ ዘመን፣ ቃሪያ የማብቀል አባዜ ያዘኝ። ብርዱ ለቃሪያ እንደማይሆን ያልነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከገበያ በገዛኋቸው ሦስት ባዶ የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮዎች ተክዬ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ አወጣቸዋለሁ፤ ሲመሽ ቤት አስገባቸዋለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ዘሃራ፣ «ወላሂ፣ ለልጅ እንኳ እንዲህ አይታዘንም!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ በጠቅላላው ዘጠኝ ፍሬ አፈሩልኝ። ልቀጥፍ ስዘጋጅ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ገባ። ቃሪያውን ዞር ብሎም አላየው።

«የተራበ ሕዝብ ዘይት አንተ ቤት ምን ይሠራል፣ ጓድ መምህር?»

«ኧረ አፈር ነው ያለበት!»

«ዘይቱንስ ማን ጨረሰው?»

ገበያው በባዶ ቆርቆሮ እንደተሞላ፣ የእሱም ሚስት ውሃ የምትቀዳው በዚሁ ቆርቆሮ እንደሆነ ብናገር ሰሚ አጣሁ። ቆርቆሮዎቹ በማስረጃነት ከነቃሪያዬ ተወሰዱ። እኔም በማግስቱ ቀርቤ ቃሌን እንድሰጥ ታዘዝኩ። በእርዳታ ሌብነት መጠርጠር ደግሞ ያኔ ቀልድ አልነበረም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ የምናገረውን በልቤ እያጠናሁ ቀበሌ ደረስኩ። ሦስቱም ትሪ ከበው ተቀምጠዋል። ቆርቆሮዎቹ ጥግ ላይ ተደርድረዋል፤ ተክሎቹ ላይ አንድ ፍሬ የለም። ሊቀመንበሩ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ አፉን በእጁ እያራገበ ቀና አለና፣

«ቁጭ በል፣ ጓድ መምህር» አለኝ፤ «ማስረጃውን ገና እያጣራን ነው።»