ትንሽ ትንሽ ጀርመንኛ

ጣጣው ሁሉ የመጣው «ትንሽ ትንሽ» ብዬ ከመለስኩት መልስ ነው። አርሊንግተን የሚኖሩ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌን ልንከባከብ የገባሁ ዕለት፣ ጭናቸው ላይ የነበረውን መጽሔት አነሡና «ይህን ማንበብ ትችያለሽ?» አሉኝ። በመጀመሪያው የሥራ ቀን አልችልም ማለት ነውር መሰለኝ። እኛ ዘንድ «ትንሽ ትንሽ» የሚል ሰው ወይ አሳምሮ የሚያውቅ ትሑት ነው፣ ወይ ደግሞ ምንም የማያውቅ ይሉኝታ የያዘው ነው። እሳቸው ትሑቷ መሰልኳቸው።

መጽሔቱ በዓመት አራት ጊዜ ከጀርመን በፖስታ ይመጣል። ዓላማው የድሮውን የጀርመን ፊደልና የጥንቱን ጀርመንኛ ከመረሳት ማዳን ነው። የሚታተመውም ጀርመኖቹ ራሳቸው ከተዉት በቆየው፣ ጥቁርና ማዕዘኑ በተሰባበረ ፊደል ነው። የሽማግሌው ዓይን ከደከመ ወዲህ የሚያነብላቸው አልነበረም። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ እሷም የምትኖረው ሌላ ስቴት ነው፣ ፊደሉንም አታውቀውም።

ውሸቴ አንድ ገጽ እንኳ አልዘለቀም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ያስተምሩኝ ጀመር። አጉሊ መነጽር ይዘው፣ ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሻገሩ፣ ልክ እንደ ሀ ሁ አስቆጠሩኝ። «አንቺ ድምፁን አውጪው፣ ትርጉሙን እኔ አውቀዋለሁ» አሉኝ። ሳይገባኝ ማንበብ ለኔ አዲስ አልነበረም። በልጅነቴ ዳዊት የደገምኩት ግእዙ ሳይገባኝ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ የታተመውን ጨርሼ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ለመለማመጃ የሚወጣውን የድሮ የእጅ ጽሑፍም ማንበብ ቻልኩ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ኤፍ መስሎ ኤስ የሆነ አንድ ረጅም ፊደል ነበር። አጭር ወንድም አለው፤ አንዱ በቃሉ መሀል፣ ሌላው በቃሉ መጨረሻ ይገባል። መጽሔቱም ስለ ቦታቸው ገጽ በገጽ ይሟገታል። አንድ ቀን ስልችት ብሎኝ «እኛም እኮ ሁለት ሰ አለን» አልኳቸው። «ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ። ድምፃቸው አንድ ነው፣ ቦታቸው ግን ይለያያል።» ምነው ምላሴን በቆረጠው! ሽማግሌው ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ረጅሙን ኤስ «ንጉሡ» ይሉት ጀመር። ለልጃቸው ደውለው «ነገሩ የሚገባት ሰው አገኘሁ» አሏት። ስልኩን ሰጡኝና ልጅቱ «እባክሽ፣ አባቴን ትተሽው እንዳትሄጂ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

እንግዲህ ከምሳ በኋላ፣ በፈረንጁ አቆጣጠር እስከ አራት ሰዓት፣ ማንበብ ሆነ ሥራዬ። ፀሐይ ወረቀቱን እንዳያደበዝዘው መጋረጃው አይከፈትም። የኔ ወንበር ከመጽሐፍ መደርደሪያውና ከግድግዳው መሀል ነው። እሳቸው እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ከፊቴ ይቀመጣሉ። ውኃ ለመጠጣት እንኳ እግራቸውን እንዲሰበስቡልኝ መለመን አለብኝ። አንድ ገጽ መዝለል አይቻልም፤ ማስታወቂያው ሳይቀር ይነበባል። ሲያልቅ እንደገና ከሽፋኑ እንጀምራለን። ወደምኖርበት ወደ ሜስኪት ስመለስ ሠላሳ ቁጥር አውራ ጎዳና በመኪና ታጭቆ ይጠብቀኝ ነበር፤ እኔ ግን እዚያ ቆሜ እረፍት ይሰማኛል። ቢያንስ «ቀጥይ» የሚለኝ የለም።

ከማነበው ሁሉ ትርጉሙን በደንብ የማውቀው አንድ ቃል ቢኖር «ኢሽ» ነው። «እኔ» ማለት ነው። ለጆሮዬ ግን ከእሺ አይለይም። እኔ ባልኩ ቁጥር እሺ ያልኩ እየመሰለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

መጽሔቱ ደግሞ ቁጡ ነው። የእንግሊዝኛ ቃል ጀርመንኛ ውስጥ ገባ እያለ በየእትሙ ይነጫነጫል። አንዱን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ተርጉመውልኝ ሲያበቁ «እናንተስ?» አሉኝ። «እኛ አንቀላቅልም» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

በጸደይ ላይ ዴንተን ከተማ ያመለከትኩበት የነርስ ትምህርት ቤት ተቀበለኝ። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ያልተሳካ ነገር ነው። ኦገስት ላይ ካልጀመርኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡታል። የቀረኝ ለሽማግሌው መንገር ብቻ ነበር። ሰኞ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ሰኞ ስገባ መጽሔቱን ገልጠው፣ መነጽሩን ወልውለው ይጠብቁኛል። አፌ ላይ የደረሰው ቃል ተመልሶ ይገባል። እንዲህ እያልኩ ሜይም ጁንም አለቀ። ራሴን መጥላት ሲገባኝ መጽሔቱን ጠላሁት። አዲሱ እትም የመጣ ጊዜ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ትቼው ሁለት ቀን ዋልኩ። «አልመጣም?» ሲሉኝ ዓይኔን ሳላሽ «አልመጣም» አልኳቸው። ይህን ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ ቀን እህቴ ደወለችልኝ። ሽማግሌው ሳሎን፣ እኔ ማድ ቤት ነበርኩ፤ በሩ ክፍት ነው። በአማርኛ ስለማወራ ምን ቸገረኝ ብዬ ድምፄን ለቀቅኩት።

«ዴንተን ነርሲንግ ስኩል አክሴፕት አድርገውኛል እኮ፣ ኦገስት ስታርት አደርጋለሁ። ሶ፣ ኩዊት ላደርግ ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ማለቴ፣ ጊልቲ ፊል አደርጋለሁ።»

«ኦኬ፣ ታዲያ ቴክስት አድርጊላቸዋ!»

«ዓይናቸው አያይም አልኩሽ እኮ!»

ከዚያ በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ቦታዬ ስቀመጥ መጽሔቱ አልነበረም። ሽማግሌው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። በወፍራም ማርከር፣ በድሮው የእጅ ጽሑፍ፣ መስመሩ እየተጣመመና እየተደራረበ ራሳቸው ጽፈውታል። «ዛሬ ይህን አንብቢልኝ» አሉኝ። በ«ኢሽ» ይጀምራል። ለልጃቸው የጻፉት ደብዳቤ ነው ብዬ አሰብኩ። ሦስቱን መስመር ሳልደናቀፍ አንበለበልኩት፤ ንጉሡንም በየቦታው ሳልስት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ገባሽ?»

«ኢሽ ብቻ። እርስዎ ማለት ነው።»

«አይደለሁም» አሉ። «አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ቀስ ብለው በእንግሊዝኛ ተረጎሙልኝ። «እኔ ከኦገስት ጀምሮ እዚህ አልመጣም። ዴንተን ነርስነት ልማር ነው። ይህን መናገር ከብዶኝ ነበር።»

ክው አልኩ። ማን ነገራቸው?

«አንቀላቅልም ብለሽኝ ነበር» አሉ። «ነርሲንግ ስኩል፣ ኦገስት፣ ኩዊት፣ ጊልቲ። ከወሬሽ ያልገባኝ ጥቂት ነው። የኔ መጽሔት ቢሰማሽ ጉድሽ ነበር።» ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። እኔማ ጭራሽ አልሳቅኩም።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«አሁን ድገሚው» አሉኝ። «የቅድሙ አይቆጠርም፣ የምትይውን አታውቂም ነበር።»

ወረቀቱን እንደገና አነሣሁ። ቅድም ያነበብኳቸው ፊደሎች ናቸው፣ አንዱም አልተለወጠም። «ኢሽ» አልኩ። ቀጥሎ ያለውን ቃል ማውጣት አቃተኝ። ቀና ስል፣ ሽማግሌው ሳልለምናቸው እግራቸውን ሰብስበው መንገዱን ለቀውልኛል።