ኮረሪማ የገባበት አምበር

ትናንት የልጅ ልጄ ዘሃራ ለሠርጓ ከሸዋ ሮቢት ገበያ ሁለት የአምበር ሽቶ ይዛ መጣችና፣ «እማ፣ የትኛው ይሻላል?» ብላ አፍንጫዬ ሥር ደቀነቻቸው። ሁለቱም ሞቅ ያሉ፣ ቅመም ቅመም የሚሉ ናቸው። መልሱን ትቼ በሳቅ ፍርስ አልኩ። ሽቶ መምረጥ ለእኔ የዋዛ ነገር አይደለም፤ ባል ያገኘሁበት ነው።

ጣሊያን በአገሩ ላይ በነበረበት ዘመን አሊዩ አምባ ገበያ ኮረሪማ እሸጥ ነበር። አንድ ዓመት ማሽላው ሲያሸት ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ጠየቁኝ። አንዱ ለጣሊያን መንገድ ሥራ ጉልበተኛ የሚያቀርብ ባለጠጋ ነው። ሌላው ሰዒድ ነው፤ በግመል አሞሌ ጨው ያመላልሳል፣ ገበያ በዋለ ቁጥር ኮረሪማ ልግዛ እያለ ከፊቴ አይጠፋም። ይህን ሁሉ ኮረሪማ ምን ያደርገዋል እያልኩ እስቅበት ነበር። ልቤ ግን እሱ ጋ ነበር፤ አሁን ምን አሳፈረኝ!

በእኛ ቤት ደንብ ልጃገረድ «እገሌን እፈልጋለሁ» አትልም። ሁለቱም ወገን የአምበር ሽቶ ይልካል፤ አንድ ዓይነት ብልቃጥ ውስጥ ይገለበጥና የማን እንደሆነ ሳይነገራት አንዱን ትቀባለች። የሽቶው ባለቤት ያገባታል፤ የቀረውም አይቀየምም። አሳዳጊ አጎቴ ባለጠጋውን ስለሚፈልጉ ውድ ሽቶ እንደሚያሸንፍ አልተጠራጠሩም። በሽማግሌዎች ፊት፣ «ወላሂ፣ ከመረጠችው ወዲያ ቃል የለኝም!» ብለው ማሉ።

አሸተትኩ። የአንዱ ቅርንፉድ ከሩቅ ይጣራል፤ ሌላው ለስለስ ያለ ነው። የሰዒድ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። ሁለቱንም ለመሞከር ያህል በየእጄ አንጓ ቀባሁና ፀሐይ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ጨርሺ እንጂ!» አሉ አጎቴ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ገላዬ ላይ ይሙቅ አጎቴ። አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ።»

የይፋት ፀሐይ መቼም ታውቁታላችሁ። ብዙም ሳይቆይ ቅርንፉዱ በንኖ ጠፋ። ከወዲያኛው አንጓዬ ግን፣ ከአምበሩ ሥር፣ ኮረሪማ ብቅ አለ። የገዛ ኮረሪማዬ! ያ ሁሉ የት ይገባ እንደነበር ገባኝ። ሽማግሌዎቹ እያዩኝ አንገቴን፣ ፀጉሬን፣ ነጠላዬን ሳይቀር ቀባሁት።

አጎቴ ፊታቸው ጠቆረ። «ቆይ እንጂ፣ ደግሞ...»

«ምለዋል እኮ አጎቴ!» አልኳቸው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ዘሃራም ትናንት በየአንጓዋ ቀብታ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። ዓይኑ የደከመው ሰዒድ ከመደቡ ላይ ቀና ብሎ ወደ እሷ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ።

«ኮረሪማ የላቸውም» አለ።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም ያሸነፍኩት እኔ ነኝ።