እጅ የሌላት ሴት

ጠዋት በረዶ ያረጠበው የሱፍ ሻርፔ ላዬ ላይ ሲደርቅ የአባቴ ሱቅ ሸተተኝ። ሚኒያፖሊስ ውስጥ የሙዚየም ጥበቃ ነኝ። በምጠብቀው ክፍል ያለችው ሮማውያን ከእብነ በረድ የቀረጿት የግሪክ እንስት አምላክ ናት፤ ሁለት እጆቿ የሉም። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ዝር ስለማይል እኔና እሷ ስንፋጠጥ እንውላለን።

አባቴ ደሴ ልብስ ሰፊ ነበር። እሱም እጇ የተሰበረ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ነበረችው። ለሶላት ሲወጣ ሱቁን አይቆልፍም፤ እሷን በሩ ላይ አቁሞ ነጭ ጨርቅ ያለብሳታል፣ ያን ያየ ደንበኛ አባቴ ሰግዶ እስኪመለስ ይጠብቃል። ሌላ ጊዜ አባቴ እርጥብ ሱፍ በከሰል ካውያ ሲተኩስ፣ እንፋሎቱ እየሸተተኝ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

እናቴ በሞተች ሰሞን ጨርቁን አለበሳትና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አሁን መጣሁ» አላት።

«አባባ፣ እሷ እኮ አትሰማም!» ብዬ ሳቅኩ።

«አውቃለሁ። ሳልናገር መውጣት ግን አልለመድኩም» አለኝ።

ብሬክ ሰዓቴ ደረሰ። የሚተካኝ ልጅ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ ገባ። ልሰግድ ወደ ታች ልወርድ ስል በሩ ጋ ቆም አልኩና ወደ እሷ ዞርኩ።

«አሁን መጣሁ» አልኳት።