ተራ ቁጥር ዘጠኝ

እስከዳር አንሙት ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምራ እንደተመረቀች የተመደበችው እዚያ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። መስኮቷ ላይ የቆመ ባለጉዳይ «እግዜር ያውቃል፣ ጎረቤትም ይመሰክራል» ቢላት መልሷ አንድ ነው፤ «ወረቀት ያምጡ።»

በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሷ ፋይሎቹ መካከል ቁጭ ብላ በስልኳ የፖለቲካ ትንታኔ ታነባለች። ስህተት አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም። «ደምበጫ ያለችው ምዕራብ ጎጃም ነው፤ ይታረም» ብላ ከሥሩ ትጽፋለች። በስሟ አትጽፍም፤ አንባቢዎቹ ግን «አራሚዋ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ያረመችውን ሁሉ ሮብ ገበያ ላለችው ታላቅ እኅቷ፣ ለያለምወርቅ፣ ደውላ ትነግራት ነበር። እስከዳር «እታለም» እያለች ነው የምትጠራት። እታለም ትስቅና፣ «አንቺ እኮ ለፍርድ ቀን ስትጠሪም መጀመሪያ መዝገቡን አሳዩኝ ትያለሽ» ትላት ነበር።

እታለም የሞተችው መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ነው። ስኳሯ ጠናባትና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንድትሄድ ተጻፈላት፤ መኪና ግን አልነበረም። በቃሬዛ ይዘዋት ሲመጡ መንገድ ላይ አረፈች። ስልክም አይሠራም ነበርና እስከዳር የሰማችው ከተቀበረች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የምሳ ሰዓት ረዘመባት።

እታለም በሞተች በአራተኛው ወር ጌቱ የሚባል ተንታኝ በገጹ ላይ ስለ መንገዱ መዘጋት ጻፈ። ከሥሩ፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ የሞቱ የአሥራ አንድ ሰዎች ዝርዝር አለ። ተራ ቁጥር አራት፦ «ያለምወርቅ አንሙት፣ 43 ዓመት፣ ሮብ ገበያ።» ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ «ወለተ ሐዋርያት፣ ሲናን ወረዳ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንደኛው ስም ከዕድር፣ ሁለተኛው ፍትሐት ካደረሱት ካህናት የተገኘ መሆኑ ገባት። ወለተ ሐዋርያት የእታለም የክርስትና ስም ነው፤ ሮብ ገበያም ያለችው እዚያው ሲናን ወረዳ ነው። እኅቷን ሁለት ጊዜ ገድለዋታል።

«አራተኛና ዘጠነኛ ላይ የተጻፈችው አንድ ሰው ናት። የሟቾቹ ቁጥር አሥር ነው፤ ይታረም» ብላ ጻፈች። እኅቴ ናት አላለችም።

ምላሹ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ደረሰ።

«አራሚዋ ዛሬ ደግሞ ሬሳ ልትቀንስ መጣች።»

«ማን ልኮሽ ነው?»

«እስኪ አንዷን ቀስቅሽልንና ተአምር እንይ።»

«እመቤት፣ ሰው አልቆ አንቺ ቁጥር ትለቅሚያለሽ?»

የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዝም ብትልስ ማን ያውቅባታል? ግን ዘጠነኛዋ ማንም ያላለቀሰላት፣ ያልኖረች ሴት ናት። ያልኖረች ሴት ከጎኗ ከቆመች ደግሞ የኖረችውንም የሚያምን አይገኝም።

በማግስቱ ጌቱ በግል ጻፈላት። «እርማትዎን አይቻለሁ። ማስረጃ አለዎት?»

እሷም ብትሆን የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። የቀበሌው መታወቂያ ያለምወርቅ ይላል፤ ሁለቱን ስም አንድ ላይ የያዘ ወረቀት አታውቅም። እታለም የተጠመቀችበትና የተቀበረችበት ደብር መሪጌታ ወደሆኑት ወደ ገብረ ሚካኤል ደወለች።

«መሪጌታ፣ መዝገባችሁ ላይ የዓለም ስሟ ይኖራል?»

«የለም፣ ልጄ። እግዜር ዘንድ የምትታወቀው በክርስትና ስሟ ነው። የዓለሙን ምን ያደርግልናል ብለን እንጻፈው?»

ስልኩን ዘግታ መስኮቱን አየችው። በዚያ ስንቱን መልሳለች።

«ወረቀት የለኝም» ብላ ጻፈች ለጌቱ። «ታናሽ እኅቷ ነኝ። ሁለቱንም ስሟን አውቃለሁ።»

ጌቱ መለሰላት። «ነፍስ ይማር። አላወቅሁም ነበር፤ አሁን አርሜዋለሁ።»

ገጹን ከፈተችው። ዝርዝሩ አሥር ሆኗል። አራተኛው ረድፍ «ያለምወርቅ አንሙት (ወለተ ሐዋርያት)፣ 43 ዓመት፣ ሮብ ገበያ» ይላል።

«ሌላ የሚታረም ይኖር ይሆን?» ሲል ጨመረላት።

ነበር። እታለም ስትሞት ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነበር። አምና ዕድሩ አባላቱን እንደ አዲስ ሲመዘግብ አርባ ሦስት ብላ አስጻፈች። እስከዳር ስትቆጣት፣ «ተዪኝ እንጂ፣ ይኼ እንኳ ያንቺ መዝገብ አይደለም» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

እስከዳር «የለም» ብላ ጻፈች።